የሪሞት ሄሊኮፕተር፦ የትኛውን ልግዛለት?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ14 ዓመቱ ልጄ ድሮን ሰልችቶት «ሄሊኮፕተር ካልገዛህልኝ» ብሎ ቀስፎ ይዞኛል። አንዱ «ፊክስድ ፒች»፣ ሌላው «ኮሌክቲቭ ፒች» ይላል፤ ዋጋቸው ደግሞ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የምታውቁ ጠቁሙኝ።

ጥቆማ፦ ወንድሜ፣ ነገሩ ያለው ብሌዱ (ከላይ የሚሽከረከረው ክንፍ) ላይ ነው። እንደ ደብሊውኤልቶይስ ቪ911 ያሉት ርካሾቹ ፊክስድ ፒቾች የብሌዳቸው ዝንባሌ ስለማይለወጥ ከፍ ለማለት ሞተሩን ያፈጥናሉ፣ ለመውረድ ያቀዘቅዛሉ። ሞተር ደግሞ በአንዴ አይፈጥንም፤ ስለዚህ ትእዛዙ ይዘገያል፣ ትንሽ ነፋስ ከመጣም ይዞት ይሄዳል። ለሳሎን ግን እንደሱ ገራም የለም።

ኮሌክቲቩ ሞተሩን በአንድ ፍጥነት እያዞረ የብሌዶቹን ዝንባሌ ይለውጣል። ከብሌዶቹ ሥር ስዋሽፕሌት የምትባል ሳህን አለች፤ ላይኛዋ ከዘንጉ ጋር ትዞራለች፣ ታችኛዋ አትዞርም። ብዙ ጊዜ በ120 ዲግሪ የተራራቁ ሦስት ሰርቮዎች (ትንንሽ ገፊ ሞተሮች) ይይዟታል። ሦስቱ እኩል ሲገፏት ሁለቱም ብሌዶች እኩል ያጋድሉና ሽቅብ ይወጣል። ሳህኗ ራሷ ካዘነበለች ግን ብሌዱ በዞረ ቁጥር በአንድ ወገን ብዙ፣ በሌላው ትንሽ ያጋድላል፤ ወደ ፊትና ወደ ጎን የሚሄደው በዚህ ነው። ዝንባሌው ከዜሮ በታችም ስለሚወርድ ተገልብጦ ይበራል። ለጀማሪ ጣጣው እዚህ ላይ ነው፤ በትርኢት ሞድ (ተገልብጦ በሚበርበት) ላይ ደንግጦ የሪሞቱን ዱላ ወደ ታች ከሳበው ሞተሩ ሙሉ ጉልበት እንዳለው መሬት ላይ ይተክለዋል።

እኔ የምመርጥለት ኤክስኬ ኬ110ን ነው። ኮሌክቲቭ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ጋይሮው (ማጋደሉን የሚለካው መሣሪያ) ራሱን ቀጥ የሚያደርግበት ሞድ አለው። ኦኤምፒሆቢ ኤም2 ከሱ ይሻላል፣ ዋናው ሞተር ያለ ጥርስ በቀጥታ ስለሚያዞር የሚበላ ማርሽ የለውም፤ ነገር ግን ከ250 ግራም ስለሚበልጥ በኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት) ይመዘገባል (5 ዶላር ለ3 ዓመት)፣ ብሌዱም ጣት አይምርም። ባለ ፍላይባር (ከብሌዶቹ ጋር የሚዞር ማረጋጊያ ዘንግ ያለው) 450 የሚባለውን መጠን አሮጌ ሄሊኮፕተር በርካሽ ብታገኝ እለፈው። እኔ ገዝቼ ሁለት ቅዳሜና እሁድ የብሌዶቹን ዲግሪ ስለካ ከረምኩ፤ ለካስ አንዱ ሰርቮ የሚሠራው በተቃራኒው ኖሯል!

ሌላ ተጠቃሚ፦ በኬ110ው አልስማማም። መጀመሪያ ሲሙሌተር (የኮምፒውተር ማለማመጃ)፣ እንደ ሪልፍላይት ያለ። አፍንጫው ወደ አንተ ሲዞር ግራና ቀኝ ይገለበጣል፤ እሱን ኮምፒውተር ላይ ይልመድ። ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ከዋሽንግተኑ ሪጋን አውሮፕላን ማረፊያ 15 ማይል ክልል ውስጥ ናት፤ ያለ ኤፍኤኤ ፈቃድ ደጅ ማብረር ክልክል ነው፣ ክብደቱ ምንም ቢሆን። ራቅ ብላችሁ ስትሄዱም ትረስት የሚባለውን የመዝናኛ አብራሪዎች ነጻ ፈተና ይውሰድ።

ጠያቂው፦ ተባረኩ። የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ አስፈቅዳለሁ።

ጥቆማ፦ የመስታወት መብራት ከተንጠለጠለበት ቪ911ን ይዘህ ሂድ።