ፊሊፕ ደሴት ላይ ፔንግዊኖችን ለማየት ስንት ሰዓት መድረስ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሜልበርን የምማር ተማሪ ስሆን፣ በሰኔ ፈተና እንደጨረስን ከሁለት የክፍል ጓደኞቼ ጋር መኪና ተከራይተን ወደ ፊሊፕ ደሴት ለመሄድ አስበናል። ስንት ሰዓት ብንደርስ እንደሚሻልና ፎቶ ማንሳት ይፈቀድ እንደሆነ የምታውቁ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ ፔንግዊኖቹ ቀኑን ባሕር ውስጥ ዓሣ ሲያድኑ ውለው ወደ ጎሬአቸው የሚመለሱት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ስለሆነ፣ ከዚያ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ይበቃል። ቁመታቸው 33 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደታቸውም 1 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። እኔ በሄድኩበት ምሽት የመጀመሪያዎቹ ከማዕበሉ ወጥተው አሸዋው ላይ ተጠጋግተው ከቆሙ በኋላ፣ አንዱ ደንግጦ ወደ ውኃው ሲመለስ ሁሉም ተከትለውት ሮጡ፤ ይህንንም ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ አልተከፋሁም።

መልስ 2፦ ከፔንግዊኖቹ ይልቅ የሚያሳስበኝ የመልሱ መንገድ ነው። ወደ 140 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ የምትነዱት በጨለማ ሲሆን፣ ካንጋሮና ዋላቢ (ካንጋሮ የሚመስል አነስ ያለ እንስሳ) በብዛት የሚንቀሳቀሱትም ያኔ ነው። እኛ አንድ ዋላቢ ከፊታችን ዘሎ ገብቶብን ለጥቂት ነው የተረፍነው። ብትችሉ እዚያው እደሩ።

ጠያቂ፦ እናመሰግናለን፤ እዚያው ለማደር ወስነናል።

መልስ 1፦ እንግዲያው ወፍራም ጃኬት ያዙ፤ በሰኔ የባሕሩ ንፋስ አጥንት ይሰብራል።