ከኋላው ልገባ ስል ሁሌ አልፌው እሄዳለሁ፤ ምን ላድርግ?
ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛልና እርዱኝ። የግል አብራሪነት ፈቃድ አለኝ። በቅርቡ ከአስተማሪ ጋር፣ ለአክሮባት በተሠራች ባለ ሁለት ወንበር አውሮፕላን፣ የማስመሰል የአየር ላይ ውጊያ ጀመርኩ። ጥይት የለም፤ ጨዋታው ከሌላው ጅራት ኋላ መግባት ነው።

ችግሬ እዚህ ላይ ነው። ባላጋራዬ ሲታጠፍ የአውሮፕላኔን አፍንጫ ቀጥታ እሱ ላይ አነጣጥራለሁ። ፍጥነቴ ይበዛና አልፈዋለሁ። ከዚያማ እሱ ከኋላዬ ነው! አስተማሪዬ «ሽቅብ ውጣ፣ ፍጥነትህን ወደ ከፍታ ቀይረው፣ ከዚያ ውረድበት» ይለኛል። ወረቀት ላይ ገብቶኛል። አየር ላይ ግን ቀድሜ ከወጣሁ ያመልጠኛል፣ ከዘገየሁ ደግሞ አለቀ።

የስበት ጫናውም አለ። ከፍታ ሳይቀንሱ በ60 ዲግሪ አዘንብሎ መታጠፍ 2 ጂ (የክብደቴ ሁለት እጥፍ ጫና) ነው፤ እሱን እችለዋለሁ። 4 ጂ አካባቢ ግን ዓይኔ ግራጫ ይሆንብኛል። እግሬንና ሆዴን ወጥሬ በየ3 ሰከንዱ ለመተንፈስ ስታገል ባላጋራዬ ከዓይኔ ይጠፋል። (ከጠፋ ወዲያው በሬዲዮ ተናግረን እናቆማለን፤ በዚህ ቀልድ የለም።)

ሽቅብ የመውጫውን ሰዓት በምን ትለዩታላችሁ? በርቀቱ? በፊት ለፊቴ መስታወት ውስጥ እየተለቀ በሚመጣበት ፍጥነት? መሬት ላይ ሆኜ የምለማመደው ነገርስ ይኖር ይሆን?