ጀርመን ከ60 ዓመት በላይ ሆናችሁ የጤና ኢንሹራንስ ያገኛችሁ እባካችሁ

ሰላም ወገኖቼ፣ እኔና ባለቤቴ ጡረታ ወጥተን ቤተክርስቲያናችን ፍራንክፈርት ያሉ ሐበሾችን እንድናገለግል ልካን ከመጣን 2 ወር አለፈን፣ እኔ 63 እሷ 61። አገልግሎቱስ እሰየው ነው፣ ያስጨነቀን ኢንሹራንሱ ነው። ለቪዛ ብለን የገዛነው የ3 ወር የጉዞ ኢንሹራንስ ሊያልቅ ነው፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ ደግሞ እሱ አይሆንም ሙሉ የጤና ኢንሹራንስ አምጡ አሉን። የመንግስቱ ጋ ስንሄድ ከ55 በላይ ስለሆናችሁ እንደ አዲስ መግባት አትችሉም ተባልን፣ የግሉ ደግሞ የባለቤቴን የደም ግፊት ሲሰማ ፊቱን አዞረ። ከአዲስ አበባ ይዛው የመጣችው የግፊት መድሃኒቷ አምሎዲፒን 19 ፍሬ ቀርቷታል፣ ማታ ማታ ስትቆጥረው አያለሁ ምንም አልልም። ልጃችን ተመለሱ ይለናል፣ እንዴት ብለን፣ ሽኝት ተደርጎልን ኬክ ተቆርጦ!

በዚህ እድሜ ለአገልግሎት የመጣችሁ እንዴት አለፋችሁት? የላከን ቤተክርስቲያን ወይስ እዚህ ያለው ህብረት ነው የኢንሹራንሱን ውል መፈረም ያለበት? ለመድሃኒቱስ ሀኪም ጋ በራሳችን ከፍለን ብንገባ ይጽፍልናል? የምታውቁ በውስጥ መስመር አውሩኝ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ቀጠሯችን ሐሙስ ጠዋት ነው።