«እርጅና ነው» ተብሎ የሚተወው የቱ ነው? የሚመለሰውስ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰው ሰባን ሲያልፍና ከወንበር ለመነሳት እጁን መደገፍ ሲጀምር «እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ» ተብሎ ይታለፋል። የዕድሜ የሆነውና ባለመንቀሳቀስ የመጣው በምን ይለያል? የእግር ብርታት በዚህ ዕድሜ ይመለሳል? ከየትስ ይጀመራል?

መልስ 1፦
ይመለሳል። በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት 90 ዓመት አካባቢ የሆናቸው የመጦሪያ ቤት ነዋሪዎች ለ8 ሳምንት ክብደት እያነሱ ሠርተው የጭናቸው ጡንቻ ብርታት ከእጥፍ በላይ ጨምሯል።

መጀመሪያ ልኩን ይወቁ። መደገፊያ ክንድ የሌለው ወንበር ግድግዳ ይደገፍ፣ እጅ ደረት ላይ ይጣመር፣ ሰውየው በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ቀጥ ብሎ እንደሚነሳ ይቆጠር። ከ70 እስከ 74 ዓመት ላለ ወንድ ከ12፣ ለሴት ከ10 ካነሰ እግር ደክሟል። አጠገቡ ሰው ይቁም።

ልምምዱም ያው መነሳትና መቀመጥ ነው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ተረከዝን ከጉልበት ትንሽ ወደ ኋላ መሳብ፤ አፍንጫ ከእግር ጣቶች በላይ እስኪደርስ ጎንበስ ብሎ መነሳት፤ ሲቀመጡ እስከ 4 እየቆጠሩ ቀስ ማለት። 8 ጊዜ፣ 2 ደቂቃ ዕረፍት፣ እንደገና 8። በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ ቀን እየዘለሉ። ያለ እጅ እምቢ ካለ ጠንካራ ትራስ ጨምሮ መቀመጫውን ከፍ ማድረግ፤ 12 ጊዜ ሲቀል ትራሱን ማውጣት።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እግራቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ሲነሱ ነው። መልሶ ወንበሩ ላይ ይጥላቸዋል፤ አቅም አጥተው ሳይሆን ክብደታቸው እግራቸው ላይ ስላላረፈ ነው። ሌላው ትንፋሽን ይዞ መግፋት ነው፤ የደም ግፊትን ያሻቅባል። ጮክ ብለው ይቁጠሩ፣ የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን አይዝም።

መልስ 2፦
መለያው ፍጥነቱ ነው። በዓመታት ቀስ እያለ የመጣ ድካም በአብዛኛው የዕድሜና የመቀመጥ ድምር ነው። በሳምንታት ውስጥ የመጣ ግን በሽታ ወይም መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል «እርጅና» ብሎ መተው አደጋ አለው። በድንገት አንድ ጎን ከደከመ ያኔውኑ ሐኪም ቤት!

ሲነሱ የሚያዞር ከሆነ 5 ደቂቃ ተኝተው ግፊት ይለኩ፣ ከዚያ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ለሐኪም ይነገር። የግፊትና የእንቅልፍ መድኃኒቶች ይህን ያመጣሉ፤ ሆኖም በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም።

ምግቡም አይረሳ። ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ከ60 እስከ 72 ግራም፣ በሦስቱ ማዕድ ተከፍሎ። የኩላሊት ሕመም ያለበት መጠኑን ከሐኪሙ ይጠይቅ።

መልስ 3፦
የቤተሰቡ ነገር ሳይነሳ እንዳይቀር። «ኧረ ይቀመጡ፣ እኔ አመጣለሁ» የሚባለው በፍቅር ነው፤ ግን በቀን አሥር ጊዜ ከተባለ አሥር መነሳት ቀረ ማለት ነው። ውኃውን ራሳቸው ይቅዱ። ሲነሱ ክንዳቸውን አይጎትቱ፤ አጠገባቸው ቆመው ይጠብቁ፣ ጊዜ ቢፈጅም።

ጠያቂ፦
እናመሰግናለን። ጉልበት የሚያም ከሆነስ?

መልስ 1፦
መቀመጫውን ከፍ፣ ቁጥሩን ወደ 5 ዝቅ ያድርጉ። ሕመሙ በማግስቱ ጠዋት ከለቀቀ ይቀጥሉ። ጉልበቱ ካበጠ ወይም ሌሊት ካላስተኛ ያቁሙና ይታዩ።