ትሪፖሊ የቀረው አስካሪ፦ ስሙ ይነሳ ወይስ ይቅር?

የመረብ ልጅ፦
ነገሩ የተነሳው ቤተሰብ ውስጥ ነው፣ ግን ከኛ ቤት የሚሰፋ ስለመሰለኝ እዚህ አመጣሁት። የሴት አያቴ ታላቅ ወንድም ከኤርትራ፣ ከሰራዬ ተነስቶ የጣሊያን አስካሪ (ጣሊያን ከቅኝ ግዛቷ ሰው የቀጠረችው ወታደር) ሆነ፣ ትሪፖሊ ተላከ፣ እዚያው ቀረ። መቃብሩን ያየ የለም። ዘንድሮ የአያቴን ሙት ዓመት ስናወጣ የሱንም ስም ቄሱ ይጥሩልን፣ ፎቶውንም ከፎቶዋ ጎን እናቁም ብንል ግማሹ ዘመድ ‹‹ለባንዳ ተዝካር አናወጣም›› ብሎ ድርቅ አለ።

ለማያውቅ ባጭሩ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ጣሊያን ሊቢያን የወረረችው በ1911 ነው። በዓመቱ የኤርትራ ሻለቆችን በመርከብ እየጫነች ማጓጓዝ ጀመረች። ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል እየተፈራረቁ ተዋጉላት። እኔ ስማቸው መነሳት አለበት ባይ ነኝ፣ በቤትም በአደባባይም። የምትቃወሙ ምክንያታችሁን ንገሩኝ፣ ስድብ ብቻ አይሁን።

ጉለሌው፦
ምክንያት ከፈለግክ ይኸውልህ። ሊቢያዊው ምን አደረገው? ድንበር ገፋበት? ከብት ነዳበት? ባህር ተሻግሮ ሄዶ፣ ደሞዝ እየተከፈለው፣ አገሬን አልሰጥም ያለ ሰው ገደለ። በቃ ይሄው ነው።

በ1930 የጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ የሲሬናይካን (የምሥራቅ ሊቢያን) ዘላን፣ ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ፣ ከቀዬው ነቅሎ በረሃ ላይ በሽቦ አጥር አጎረው። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩት በረሃብና በበሽታ አለቁ። የሊቢያ አርበኞችን መሪ ዑመር አል ሙክታርን በ1931 ሶሉቅ ላይ ሕዝብ ሰብስቦ ሰቀለው። ይሄ ሁሉ ሲሆን አስካሪው ዳር ቆሞ አላየም። አሳዳጁም ጠባቂውም እሱ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ የካቲት 12 ላይ አዲስ አበባን ያስፈጀውም ይሄው ግራዚያኒ ነው። ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር በየዓመቱ አበባ እያስቀመጥን፣ ቤታችን ገብተን ለግራዚያኒ ወታደር ሻማ እናብራ? እንዴት ነው ነገሩ!

የታሪክ መምህር፦
ጉለሌው፣ ስለ ሊቢያ ያልከው እውነት ነው፣ አልከራከርህም። ‹‹ደሞዝ›› ብለህ ያለፍካት ነገር ላይ ግን ትንሽ እንቆይ።

ከ1888 እስከ 1892 ድረስ ክፉ ቀን ነበር። በሬው በበሽታ አለቀ፣ ሰውም ተከተለው። ጣሊያን ደግሞ በዚያው ሰሞን ደጋውን መሬት ለራሷ ሰፋሪዎች መውረስ ጀመረች። ደጃዝማች ባህታ ሐጎስ በ1894 መጨረሻ ያመፁት በዚሁ በመሬት ጉዳይ ነው። ሐላይ ላይ ተገደሉ። እንግዲህ መሬቱ የተወሰደበት፣ በሬው ያለቀበት ቤት ልጅ ምን ይሁን? በየወሩ ብር የሚሰጥ አንድ ቀጣሪ ነበር፣ እሱም ጦሩ ነው። ምንም ያህል ቢጋደል ደግሞ የመጨረሻው ማዕረጉ ሹምባሽ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ወንበር የነጭ ነበር።

ሌላው ብዙ ሰው የማይወደው ነገር፣ አስካሪው ሁሉ ኤርትራዊ አልነበረም። ሰው ሲያጥራት ጣሊያን ከመረብ ወዲህም ትቀጥር ነበር፣ ከትግራይም ከሌላውም ተሻግሮ የተመዘገበ ሞልቷል። ስለዚህ ነገሩን ለአንድ ሕዝብ ብቻ ማሸከም አይሆንም። ‹‹የነሱ አያት›› የምንለው ሰው ስንቶቻችን ቤት የኛም አያት ሊሆን ይችላል።

ጉለሌው፦
የራበው ሁሉ አስካሪ አልሆነም መምህር።

የመረብ ልጅ፦
የራበው ሁሉ አርበኛም አልሆነም።

ደግሞ እስቲ ይሄን መልስልኝ። በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር ከነጠመንጃው ከድቶ ወደ ወገን የገባ አስካሪ ብዙ ነው፣ አንዳንዱም አምስቱን ዓመት በዱር ተዋግቷል። እሱን ‹‹ጀግናው ኤርትራዊ›› ብላችሁ ትወስዳላችሁ። የኔ ሰው የሞተው ከዚያ በፊት ነው። ልክዳ ቢል የት ሊገባ ነው? ፊቱ የማያውቀው በረሃ፣ ጀርባው ባህር። ሁለቱም ፊርማቸውን ያኖሩት እዚያው መዝገብ ላይ ነው። አንዱ ዕድሜ አገኘ፣ አንዱ አላገኘም።

ወሎዬዋ፦
እኔ የአርበኛ ልጅ ልጅ ነኝ። እኛ ቤት አስካሪ ሲባል የሚወራው ጎተራ ስለማቃጠል ነው። ስለዚህ ‹‹ድሃ ነበር›› ብቻ ተብሎ እንዲታለፍልኝ አልፈልግም። የተቃጠለበትም ድሃ ነበር።

ግን አንድ ነገር ሁሌ ይከነክነኛል። አድዋ ላይ ከተማረኩት አስካሪዎች ወደ 800 የሚጠጉት ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። የከዳ ሰው ቅጣት ነው ተብሎ። ጣሊያኑ ምርኮኛ ግን ተመግቦ፣ ታክሞ፣ ቆይቶ በሰላም ወደ እናቱ ተመለሰ። አዛዡን ሸኝተን ታዛዡን ቆረጥን ማለት ነው። አድዋን የምትነኩብኝ እንዳይመስላችሁ፣ የካቲት 23 ሲደርስ እኔን የሚቀድመኝ የለም። ቢሆንም ያን ጊዜም ሂሳቡ የተወራረደው በጥቁሩ ላይ ነው፣ ዛሬም ክርክራችን እዚያው ላይ ነው። ጣሊያንን የጠራ ሰው እስካሁን አላየሁም እዚህ።

ቦሎኛ ነዋሪ፦
ወሎዬዋ ልክ ነሽ፣ እኔ ልጥራት።

ሮማ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ የኛ ሰው ሁሉ የሚቀጣጠርበት ትልቁ አደባባይ ስሙ የተወሰደው ራስ አሉላ በ1887 ዶጋሊ ላይ ከደመሰሱት የጣሊያን ጦር ነው። ‹‹የአምስት መቶዎቹ አደባባይ›› ነው የሚባለው። ለራሳቸው ሙታን አደባባይ ይሰይማሉ። ለግራዚያኒ እንኳ በ2012 አፊሌ በምትባል ከተማ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ተሠርቶለት ጉድ ተብሏል። የአስካሪውስ?

ከረን ሂዱና የጣሊያኖቹን የጦር መቃብር እዩ። በ1941 እዚያው የወደቀው ጄኔራል ሎሬንዚኒ ስሙ ከነማዕረጉ ተጽፎለታል። ብዙ የአስካሪ መቃብር ላይ ግን የተጻፈው ‹‹ያልታወቀ አስካሪ›› ነው። እንዴት ነው የማይታወቀው? ደሞዝ ሲከፍሉት በስሙ አልነበረም እንዴ? የከረኑ እንዲህ ከሆነ ሊቢያ አሸዋ ውስጥ የቀረውን አስቡት። ስለዚህ ጥያቄው በመጀመሪያ ለጣሊያን መንግሥት ነው። ሰውየውን የወሰደው እሱ፣ ያስገደለው እሱ፣ ስሙን መጻፍ ያለበትም እሱ።

የታሪክ መምህር፦
እንግሊዞች ዘንድ ተመሳሳይ ነገር ወጥቷል። የጦር መቃብሮቻቸውን የሚያስተዳድረው ኮሚሽን በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ሲያገለግሉ ከሞቱት ውስጥ ቢያንስ 116 ሺህ፣ ምናልባትም እስከ 350 ሺህ የሚደርሱ ሰዎች በስማቸው እንዳልታወሱ አምኗል። አብዛኞቹ የምሥራቅ አፍሪካና የግብፅ ሰዎች ናቸው። መንግሥታቸውም ፓርላማ ቆሞ ይቅርታ ጠይቋል። ጣሊያን ገና እዚያ አልደረሰችም። በ2008 ለሊቢያ ይቅርታ ጠይቃ በ20 ዓመት የሚከፈል 5 ቢሊዮን ዶላር ቃል ገብታለች። ያ ግን ለሊቢያ ነው። ለአስካሪው ቤተሰብ አይደለም።

ጉለሌው፦
ጥሩ፣ ጣሊያን ትጻፍ። እኔ መቼ ከለከልኩ? እኔ የማልቀበለው እኛ ራሳችን ተነስተን ‹‹ሰማዕት›› ስንለው ነው። ስም መጻፍ ሲጀመር ወዲያው ሐውልት ይመጣል፣ ከዚያ መዝሙር ይመጣል፣ አምስት ዓመት ሳይሞላ ‹‹ዘመናዊ ወታደርነትን ያስተማሩን›› የሚል ጽሑፍ ታነባለህ። አይተነዋል እኮ።

የሐረር ልጅ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ ለሁለታችሁም።

በ1936 በኦጋዴን ግንባር በኩል በግራዚያኒ ሥር ከዘመቱት ውስጥ ጄኔራል ናሲ የሚያዘው የሊቢያ ክፍለ ጦር ነበር። ማለትም ጣሊያን ሐበሻን ወስዳ ሊቢያዊ አስገደለች፣ ሊቢያዊን አምጥታ ሐበሻ አስገደለች። በሃይማኖትም እያሰላች ነው። ሊቢያ ላይ ክርስቲያኑን አስካሪ ትመርጥ ነበር፣ በ1937 ደግሞ ደብረ ሊባኖስ መነኮሳቱን ለመረሸን ሙስሊም ወታደሮች ያሉበትን ሻለቃ መርጣ ላከች። ሆን ተብሎ ነው፣ ተቆላልፈን እንድንቀር።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ነገ አንድ የትሪፖሊ ሰው ‹‹አያቴ ኦጋዴን ሞቶ ቀርቷል፣ ስሙን የምጽፍበት ድንጋይ አቁሙልኝ›› ብሎ ቢመጣ ምን ትሉታላችሁ? የመረብ ልጅ፣ አንተ ለአያትህ ወንድም የምትጠይቀውን ነው የጠየቀህ። ትፈቅዳለህ?

የመረብ ልጅ፦
ከባድ ጥያቄ ነው ያመጣኸው። እፈቅዳለሁ። ግን ድንጋዩ ላይ ለማን ሲዋጋ እንደሞተና ማንን ሊወጋ እንደመጣ ይጻፍ እላለሁ። የኔም ሰው ላይ እንደዚያው ይጻፍ። ‹‹ለጣሊያን ተቀጥሮ፣ ሊቢያውያንን ሲወጋ ሞተ።›› ዘመዶቼ ይሄን አይወዱትም፣ እነሱ ወይ ጀግና ነው ወይ አታንሱት ነው የሚሉት።

ወሎዬዋ፦
እንደዚያ ከተጻፈ እኔም እስማማለሁ። ከጎኑ የሞቱት ሊቢያውያን ካልተጠቀሱ ግን አልስማማም። የአስካሪ መታሰቢያ ተብሎ ሊቢያዊው ከተረሳ ግራዚያኒ የጀመረውን እኛ ጨረስንለት ማለት ነው።

ቦሎኛ ነዋሪ፦
እሱን ለጣሊያኖቹ በጣሊያንኛ ጻፊላቸው እህቴ።

ጉለሌው፦
የትሪፖሊው ሰው ቢመጣ እኔ ‹‹አያትህን ፈጣሪ ይማረው፣ ቤትህ ገብተህ ዱዓ አድርግለት›› ነው የምለው። መሬቴ ላይ ድንጋይ አላቆምለትም። ለመረብ ልጅም መልሴ ያው ነው። ቄሱ ስሙን ይጥሩ፣ ፎቶውም ይቁም፣ የቤታችሁ ጉዳይ ነው። ይሄን የከለከሉህ ዘመዶችህ አበዙት። ቄስም እኮ ክርስትና ስሙን እንጂ ማዕረጉን አይጠይቁም። አደባባይ ላይ ካወጣኸው ግን እቃወምሃለሁ።

የመረብ ልጅ፦
የመጀመሪያውን ለዘመዶቼ አነብላቸዋለሁ። የአደባባዩን እንቀጥላለን፣ ገና አልተስማማንም።