ሊያስነጥሰን ሲል ማፈን ይገባል ወይስ መልቀቅ? (ክርክር)

ጥያቄ አቅራቢው፦
ባለፈው ሳምንት ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠ አንድ ወጣት ሦስት ጊዜ በተከታታይ አስነጠሰው። በመጀመሪያው ላይ አጠገቡ የነበሩ እናት «ይማርህ» አሉት፤ እሱም «ያኑርዎት» ብሎ መለሰ። በሁለተኛው ላይ ማንም ምንም አላለም። በሦስተኛው ላይ ግን ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሰው «ምነው አፍነህ ብትይዘው፣ ሰው እኮ ነው ያለው!» ብለው ተቆጡ። ረዳቱ መስኮቱ ይከፈት ሲል ደግሞ እኚሁ ሰው ብርድ ይመታኛል ብለው አላስከፍትም አሉ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ ሲያስነጥሰው ይመረቅ የነበረው ሰው የሚከሰስ ሆኗል።

ለክርክር የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ሊያስነጥሰው ያለ ሰው አፍኖ መያዝ ግዴታው ነው ወይስ ሌላው ሊታገሠው ይገባል? ከዚሁ ጋር፣ አውቆ በሱረት ወይም በቅጠል ራሱን የሚያስነጥስ ሰው መድኃኒት እየወሰደ ነው ወይስ ልማድ እየተከተለ?

የቢሮው ሰው፦
እኔ ማፈን ይገባል ከሚሉት ወገን ነኝ። ማዛጋትን፣ ማግሳትን፣ ስሙን የማልጠራውን ሌላውንም ነገር በሰው ፊት እንድንይዝ ተመክረን አድገናል፤ ማስነጠስ ብቻ ከዚህ ሥርዓት ነፃ የሚወጣበት ምክንያት አይታየኝም። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ይወነጨፋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎችም ከአፍና ከአፍንጫ የሚወጣው እርጥብ ደመና እስከ 7 ወይም 8 ሜትር ሊጓዝ እንደሚችል ገልጸዋል። አንድ ሚኒባስ ከመሪው እስከ ኋላ ወንበሩ ይህን ያህል ርዝመት የለውም። እኔ ራሴ ለ22 ዓመታት በየስብሰባው መካከል አፍንጫዬን ቆንጥጬ፣ አፌን ገጥሜ ዋጥ ሳደርገው ኖሬያለሁ፤ እስካሁን የደረሰብኝ ነገር የለም።

ነርሷ፦
ወንድሜ፣ ስለ ርቀቱ ያሉት ትክክል ነው፤ ስለ ፍጥነቱ የሰሙት ግን የተጋነነ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ ጥናት በካሜራ የተለካው ከፍተኛ ፍጥነት በሰከንድ 4.5 ሜትር ነበር፤ ይህም በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደህና ብስክሌት ነጂ ይቀድመዋል። እኔን ያሳሰበኝ ግን አፍንጫ ቆንጥጦና አፍ ገጥሞ መዋጡ ነው።

የአፍንጫ ውስጠኛ ሽፋን በአቧራ፣ በጭስ ወይም በበርበሬ ብናኝ ሲቆጣ፣ የፊትን ስሜት የሚሸከመው ነርቭ መልእክቱን ወደ አንጎል ግንድ ያደርሳል፤ ከዚያም ሰውየው በጥልቀት አየር ይስባል፣ ጉሮሮው ይዘጋል፣ የደረቱና የሆዱ ጡንቻዎች በውስጥ የታመቀውን አየር ይጨምቁታል፣ በመጨረሻም ጉሮሮው በድንገት ሲከፈት አየሩ ይፈነዳል። በዚህች ቅጽበት አፍም አፍንጫም ከተዘጉ ግፊቱ እስከ 20 እጥፍ ሊያድግ ይችላል። በ2018 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሌስተር ከተማ የታከመ የ34 ዓመት ሰው እርስዎ እንደሚያደርጉት አድርጎ ጉሮሮው ውስጥ በመቀደዱ አንገቱ አብጦ፣ ድምፁ ጠፍቶ፣ ለ7 ቀናት በቱቦ ሲመገብ እንደሰነበተ በሕክምና መጽሔት ታትሟል። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ በስኮትላንድ፣ የአበባ ብናኝ አለርጂ ያለበት አንድ ሰው መኪና እየነዳ ሳለ አፍኖ በመያዙ የአየር ቧንቧው ላይ 2 ሚሊ ሜትር በ2 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ተገኝቶበታል፤ እሱም ያለ ቀዶ ጥገና ድኗል። እነዚህ እጅግ ብርቅ የሆኑ አጋጣሚዎች ስለሆኑ 22 ዓመት በደኅና መሻገርዎ አያስገርመኝም፤ ዕድልዎን ግን ለሌላው ሰው ምክር አድርገው ባይሰጡት እመርጣለሁ።

እዚህ ላይ ማስቀረትና ማፈን መለየት አለባቸው። አየሩ ገና ሳይሳብ፣ አፍንጫን በላ በላ ሲያደርግ ብቻ ሊቀር ይችላል። ደረት በአየር ከሞላ በኋላ ግን መውጫውን መዝጋት ሳይሆን ወደ ክርን ወይም ወደ መሐረብ መልቀቅ ነው የሚሻለው።

ቆራቢዋ፦
ነርሷ እህቴ የለየችው ነገር ለእኔ የዘወትር ጭንቀት ነው። ከቆረብኩ በኋላ ጸበሉን ጠጥቼ፣ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ስወጣ፣ ከአፌ አንዳች እንዳይወጣ እጅግ እጠነቀቃለሁ፤ የዕጣኑ ጭስ ግን አፍንጫዬን ሳይኮረኩረኝ የሚቀርበት ቀን ጥቂት ነው። አያቴ ያስተማሩኝ፣ ልክ አፍንጫ መብላት ሲጀምር ከአፍንጫ በታች፣ ከላይኛው ከንፈር በላይ ያለችውን ጎድጓዳ በጣት አጥብቆ መጫን፣ ምላስንም ወደ ላንቃ መግፋት ነው። አየር ወደ ውስጥ ሳልስብ በዝግታ ማስወጣትን ደግሞ በራሴ ጨመርኩበት። ብዙውን ጊዜ ይቀርልኛል። አልቀር ሲለኝ ነጠላዬን አጥፌ፣ ራሴን ወደ ደረቴ ደፍቼ እለቀዋለሁ እንጂ አልውጠውም። የአያቴ ዘዴ ለምን እንደሚሠራ የሚያስረዳኝ ሰው ግን አላገኘሁም።

ነርሷ፦
የላይኛው ከንፈር ስሜት የሚሄደው በዚያው በአፍንጫው ነርቭ በኩል ነው። ጫናው የራሱን መልእክት ሲልክ የማሳከኩን መልእክት ይሻማዋል ተብሎ ይታሰባል። ለሁሉም ሰው ይሠራል ብዬ ቃል አልገባም፤ ጉዳት ግን የለውም።

የደሴው፦
የቢሮው ወንድማችን ማዛጋትንና ማስነጠስን አንድ ላይ መቁጠራቸውን አልቀበልም። በእስልምና አላህ ማስነጠስን ይወዳል፣ ማዛጋትን ይጠላል የሚል ሐዲስ አለ፤ ስለዚህ ማዛጋትን በተቻለ መጠን እንድንይዝ ስንታዘዝ፣ ያስነጠሰው ሰው ግን «አልሐምዱሊላህ» ይላል፣ የሰማውም «የርሐሙከላህ» ብሎ ይመልስለታል። ያም ሆኖ ነቢዩ ሲያስነጥሳቸው ፊታቸውን በእጃቸው ወይም በልብሳቸው ይሸፍኑና ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ እንደነበር ተላልፏል። እንግዲህ የተወደደ ነው ተብሎ በሰው ፊት ይለቀቃል ማለት አይደለም። ጎረቤቴ አንድ ሰው አሉ፣ በሌሊት ሲያስነጥሳቸው የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይጮኻል። ይህ ድምፅ ግማሹ የተፈጥሮ፣ ግማሹ የራሳቸው ፈቃድ ይመስለኛል፤ በእኔ እምነት ልንከራከርበት የሚገባው ይህ ግማሽ ነው።

አዛውንቱ፦
ልጆቼ፣ እናንተ ስለ ማስቀረት ትነጋገራላችሁ፤ የእኔ ችግር ደግሞ አልመጣ ማለቱ ነው። አፍንጫዬ ተደፍኖ፣ ግንባሬ ከብዶ፣ ሊያስነጥሰኝ ብሎ አፌን ከፍቼ ስጠብቀው ተመልሶ ይሄዳል፤ ከዚህ የበለጠ የሚያናድድ ነገር አላውቅም። ስለዚህ ከ40 ዓመት በላይ ሱረት ቆንጠር አድርጌ እስባለሁ። ሁለት ጊዜ ካስነጠሰኝ በኋላ ዓይኔም ራሴም ይበራል። ጉንፋን የያዘው ሰው ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ቋጥሮ ያሸታል፣ ምች የመታው ዳማከሴ አሽቶ ያሸታል፤ ይህን ማንም ነውር አይለውም። ሱረቱ ብቻ ስለምን ይወገዛል?

ነርሷ፦
አባቴ፣ ሱረት ትንባሆ ስለሆነ ነው። ጭስ ባይኖረውም ኒኮቲኑ ሱስ ያስይዛል፤ ጭስ አልባ ትንባሆም ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገሮች አሉበት። ራስዎ የሚበራው በማስነጠሱ ብቻ ሳይሆን ሱሱ ስለጎደለበት የከበደው ራስ ድርሻውን ስላገኘ ጭምር ሊሆን ይችላል። ጥቁር አዝሙድ ግን በጨርቅ ስለሚቋጠር ወደ አፍንጫ የሚገባው ሽታው እንጂ ዱቄቱ አይደለም። አፍንጫ ለተደፈነበት ሰው ከሁለቱም የሚሻለው ለዚሁ በተዘጋጀ የጨው ውሃ ማጠብ ነው።

በዱቄት ስለ ማስነጠስ ከተነሣ ዘንድ፣ ከሁሉ የሚያስፈራኝ በልጆች ላይ የሚደረገው ነው። አንዲት እናት አፍንጫው ውስጥ ሽምብራ የከተተ የ3 ዓመት ልጇን ይዛልኝ መጥታ ነበር። ጎረቤት በርበሬ አሽትችው፣ አስነጥሶት ይወጣል ብሏት አሽትታዋለች። የተዘነጋው ግን ሰው ከማስነጠሱ በፊት በጥልቀት እንደሚስብ ነው፤ ሽምብራው በዚያ ስበት ወደ ኋላ ሄዶ የአየር ቧንቧ ሊዘጋ ይችላል። ውሃ ማፍሰስም አይገባም፣ ጥራጥሬ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል። በሕክምና የታወቀው ዘዴ እናቲቱ ነፃውን የአፍንጫ ቀዳዳ በጣቷ ዘግታ፣ አፏን በልጁ አፍ ላይ ገጥማ አንድ ጊዜ እፍ ማለቷ ነው፤ በጥናቶች ከታዩት ልጆች 60 ከመቶ ለሚሆኑት በዚህ ብቻ ወጥቶላቸዋል። ያን ቀንም ሽምብራው የወጣው እንዲሁ ነው፤ ልጁ ግን ከሽምብራው ይልቅ ከበርበሬው የተነሣ ሲያለቅስ ዋለ። የገባው ክብ የሰዓት ባትሪ ከሆነ ግን ምንም ሳይሞከር ወዲያው ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው፣ በሰዓታት ውስጥ ሥጋውን ያቃጥላልና።

ከቨርጂኒያ፦
እኔ የምኖረው የፀደይ አበባ ብናኝ መኪናውን ሁሉ ቢጫ በሚያደርግበት አገር ነው፤ በሚያዝያ ወር ያለ አለርጂ መድኃኒት ከቤት አልወጣም። እንቅልፍ የማያበዛውን ዓይነት ከፋርማሲ መጠየቅ እንደሚገባ የተማርኩት በአሮጌው ዓይነት መሪ ላይ ሲያንጎላጀኝ ነው።

አባታችን ሱረት ፍለጋ የሚደክሙበትን ነገር ግን ለእኔ ፀሐይ በነፃ ትሰጠኛለች። ከጨለማ ክፍል ወደ ብርሃን በወጣሁ ቁጥር ሁለት ጊዜ ያስነጥሰኛል። ብዙ ዘመን የእኔ ብቻ ጉድ ይመስለኝ ነበር፤ ኋላ ግን ከሰዎች ከ18 እስከ 35 ከመቶ የሚሆኑት እንዲሁ እንደሆኑ፣ ከወላጆች ከአንዱ ብቻም ሊወረስ እንደሚችል አነበብኩ። ጥንት የግሪኩ አሪስቶትል የፀሐይ ሙቀት ነው የሚያስነጥሰው የሚል ግምት ነበረው፤ ከዘመናት በኋላ እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ቤከን ዓይኑን ጨፍኖ ፀሐይ ላይ ቢቆም ሳያስነጥሰው ስለቀረ፣ ነገሩ ከሙቀቱ ሳይሆን ከዓይን እንደሚነሣ ተረዳ። ስለዚህ ማስነጠስ እንቢ ሲለኝ መብራት ወዳለበት ወይም ወደ ደማቁ ሰማይ ቀና እላለሁ፤ ፀሐይቱን ራሷን ግን ትኩር ብሎ ማየት ዓይን ያጠፋል። ከመንገድ ዋሻ ስወጣ ደግሞ ጥቁር መነጽር አደርጋለሁ፣ ዓይን ጨፍኖ መኪና አይነዳምና።

የቢሮው ሰው፦
አፍንጫ መቆንጠጡን ትቻለሁ፤ የሌስተሩን ሰው ነገር ለባለቤቴ ሳነብላት አስማለችኝ። የማልተወው ክርክር ግን አለኝ። በክርን መልቀቅ ቢባልም፣ ደመናው በጠባብና በተዘጋ ቦታ ውስጥ ጨርሶ አይቀርም። ስለዚህ ያስነጠሰው ሰው ግዴታውን ከተወጣ በኋላ ቀሪው ግዴታ የመስኮቱ ነው። በዚያ ሚኒባስ ውስጥ ጥፋተኛው ወጣቱ ሳይሆን መስኮት አላስከፍትም ያሉት ሰውዬ ነበሩ ለማለት ተገድጃለሁ፤ ምንም እንኳ የእኔ ወገን ቢሆኑም።

ጥያቄ አቅራቢው፦
ወጣቱ በክርኑ ሸፍኖ እንደነበረ ሳልጽፍ መቅረቴን አሁን አስተዋልኩ። መስኮቱም እስከ ሳሪስ እንደተዘጋ ነበር።

አዛውንቱ፦
የቨርጂኒያዋን ልጄን ምክር ዛሬ ጠዋት ሞከርኩት። ከጓዳ ወጥቼ በረንዳ ላይ ወደ ሰማይ ቀና ብዬ እስኪያዞረኝ ቆምኩ፤ ምንም የለም። የልጅ ልጄ ምን እንደማይ ለማየት ተከትላኝ ወጥታ ገና ቀና ከማለቷ ሁለት ጊዜ እንጥሽ አለች። «ይማርሽ» አልኳት፣ «ከማን ወረስሽው?» ብዬም ሳቅሁ። ባለቤቴ ከውስጥ ሆና «ከእኔ ነዋ፤ ጠዋት ጠዋት በር ስከፍት ሁልጊዜ ያስነጥሰኝ የለም?» አለችኝ። 46 ዓመት አብረን ስንኖር ጉንፋን ነው እያልኩ ዝንጅብል ሳስፈላላት ኖሬያለሁ።