ክርክር፦ የብሪታንያ ባቡር ወደ መንግሥት መመለሱ መዘግየቱን ያስቀራል?

አስተያየት 1፣ ከሰሜን እንግሊዝ
የመንገደኞች ባቡር እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ሕግ ለግል ኩባንያዎች መሰጠቱ አስተማማኝነቱን አሳጥቶታል እላለሁ። በሜይ 2018 አዲሱ የጉዞ ሰሌዳ በተጀመረ ሰሞን፣ ለሆስፒታል ፈረቃዬ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጣቢያ ስደርስ ማሳያው ላይ ከላይ እስከ ታች «ተሰርዟል» የሚል ብቻ ነበር፤ ሌሊቱን ያደረችው ባልደረባዬም እኔ እስክተካት ድረስ በሽተኞቿን ትታ መሄድ አልቻለችም። ስለዚህ መንግሥት መረከቡ ትክክል ነው።

አስተያየት 2፣ ከለንደን
እኅታችን፣ የደረሰብዎት ያሳዝናል፤ ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በግል ባለሀብት ላይ መጫን አይገባም። ጃፓን በ1987 ብሔራዊ ባቡሯን ከፋፍላ ወደ ኩባንያነት ስትለውጥ ሰዓት አክባሪነቷን አላጣችም። እዚህም ኮሮና እስኪገባ ድረስ የተሳፋሪው ቁጥር ከእጥፍ በላይ አድጓል። በ2018 ደግሞ ሐዲዱ የመንግሥት ነበር።

አስተያየት 3፣ ከበርሚንግሃም
ወንድማችን የጠቀሱት የጃፓን ምሳሌ የነገሩን ቁልፍ ይዟል፤ በዚያ አገር መንገደኛ የሚያጓጉዘው ኩባንያ በአብዛኛው ሐዲዱንም ራሱ ይዞ ይጠግናልና። ብሪታንያ ግን ሐዲዱን ያኔ ሬይልትራክ ለተባለ የግል ኩባንያ፣ ባቡሮቹን ለአከራዮች፣ ጉዞውን ለኮንትራት ኩባንያዎች በታተነችው። በኦክቶበር 2000 ሃትፊልድ ላይ የተሰነጣጠቀ ሐዲድ ከባቡሩ ሥር ተሰባብሮ 4 ሰዎች ሲሞቱ፣ ሬይልትራክ የቀረው ሐዲድ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ በቅጡ ስለማያውቅ ከ1,000 በላይ ቦታዎች ላይ ፍጥነት እንዲቀነስ አዘዘ፤ የአገሩም ጉዞ ለወራት ተናጋ።

የ2018ቱም ከዚህ አይለይም። ማንቸስተርን በቦልተን በኩል ከፕሬስተን ጋር የሚያገናኘው የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ዘገየ፤ ሰሌዳው ዘግይቶ እንደገና ተሠራ፤ ሾፌሮቹ አዲሱን መስመር ለመልመድ ጊዜ አጡ። እያንዳንዱ የየድርሻውን ይዞ ነበር፤ «ይህ አይሆንም፣ ይቆይ» ብሎ ኃላፊነቱን የወሰደ ግን አልተገኘም። ዛሬም 3 ደቂቃና ከዚያ በላይ ለዘገየ ባቡር ጥፋቱ የሐዲዱ ነው ወይስ የባቡሩ እየተባለ በሁለቱም ወገን ሠራተኛ ተመድቦ ሙግት ይካሄዳል፤ ያ ሁሉ ጉልበት ለጥገና ቢውል ምንኛ በጠቀመ!

ስለሆነም የ2024ቱ ሕግ ኮንትራቶቹን ወደ መንግሥት እንዲመልስ ብደግፍም፣ ሐዲዱና ባቡሩ በአንድ ኃላፊ ሥር እስካልዋሉ ድረስ ለውጥ አልጠብቅም። የሰሜን እንግሊዙ አገልግሎት ከማርች 2020 ጀምሮ በመንግሥት እጅ ነው፤ በ2024ም በሠራተኛ እጥረት የእሑድ ባቡሮችን ይሰርዝ ነበር።